ዝም ተብሎ የሚለቀም ቡና

በዚህ ወር ከጅማ ሦስት ደብዳቤ ደረሰኝ። ሦስቱም ስለ ሥራ ነው የሚያወሩት፤ ግን ረጋ ብዬ ሳነባቸው ሁሉም የሚጠይቁኝ አጠገባቸው ስላለው ሰው ነው። ረጅሙን አስቀድሜያለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ቤቴን ስለሚነካ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉ? እኔ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ የለቃሚዎች ተቆጣጣሪ ነኝ። 60 ገደማ ሴቶች አሉን። ከሁለት ወር በፊት አዲስ ኃላፊ መጣ። የገባ ቀን ሴቶቹ እያወሩ እየሳቁ ሲለቅሙ አየና «ይሄ መጋዘን ነው ወይስ የእድር ድንኳን?» አለ። በማግስቱ ወሬ ተከለከለ። ጓደኛሞች ተለያዩ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንዲቀመጡ ተደረገ። ስልክም በር ላይ ይሰበሰባል። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም መጀመሪያ ላይ ሥራው ይፈጥናል ብዬ ነበር። አልፈጠነም። ድሮ 9 ሰዓት ላይ የሚያልቀው አሁን እስከ 11 ሰዓት ይጎተታል፣ ናሙና ሲወሰድ ጥቁር ፍሬ ይወጣል፣ ሰኞ ሰኞ የሚቀሩት በዝተዋል። ኃላፊው «አንቺ ስለላላሽላቸው ነው» ይለኛል። ወሬ ሥራ ያስፈታል የሚባለው ውሸት ነው እንዴ? ምን ልመልስለት?
ተቆጣጣሪዋ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ የለቃሚ ልጅ ነኝ።

እናቴ እዚያው ጅማ 18 ዓመት ቡና ለቅማለች። ማታ ስትገባ ነጠላዋ ሳይቀር ጀንፈል ጀንፈል ይሸታል፣ የአውራ ጣቷ ጥፍር ሥር የገባው አቧራ በሳሙና ብትፈትገውም አይለቅም ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሬያት እሄዳለሁ። በርጩማዋ ላይ ቁጭ ትልና ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች። በቀኝ መዳፏ ፍሬውን ሳሳ አድርጋ ትበትነዋለች፣ በግራ እጇ ጥቁሩን፣ የተበሳውን፣ ስባሪውን፣ ጠጠሩን ቶሎ ቶሎ ታወጣለች። ዓይኗ ከሰፌዱ አይነሳም። አፏ ግን ያወራል። የማን ልጅ ታጨች፣ ማን ታመመች፣ እቁቡ ለማን ወጣ። ያኔ ልጅ ነኝና ወሬውን ነበር የምሰማው። አሁን ሳስበው ዓይኔ ላይ የሚመጣው ግን አንድ እጅ ነው። አጠገቧ የሚቀመጡ ትልቅ ሴት ነበሩ፣ እናቴን ጥቁር ፍሬ ካመለጣት ወሬያቸውን እንኳ ሳያቋርጡ እጃቸውን ዘርግተው ከሰፌዷ ላይ ያነሱላታል። እሷም ለእሳቸው እንደዚያው። የምታጠባ ሴት ልጇን ልታይ ብድግ ስትል ደግሞ ክምሯን ግራና ቀኝ ያሉት ይከፋፈሉላታል፣ ማንም ሳያዛቸው።

ሴቶቹ ወደ ግድግዳ ሲዞሩ የቀረው ያ እጅ ነው። ጥቁር ፍሬ ናሙና ላይ መውጣት የጀመረውም ለዚህ ይመስለኛል። አንቺ አንድ ነሽ፣ እነሱ 60 ናቸው። ድሮ 60 ተቆጣጣሪ ነበረሽ ማለት ነው። ደረጃ የሚወጣው ከ300 ግራም ናሙና ላይ ጉድለት ያለበት ፍሬ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ስለሆነ፣ ጥቂት ፍሬ ማምለጧ ምን እንደምታስከትል ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ወሬ ሥራ ያስፈታል ወይ ላልሽው ደግሞ፣ እንደ አጠገብሽ ሰው ነው። አንድ የማልረሳው ጥናት አለ። ሦስት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እንግሊዝ አገር አንድ ትልቅ የፍራፍሬ እርሻ ላይ ለቃሚዎችን ተከታተሉ። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። ለቃሚዎቹ እንደ እናንተው በቁርጥ ነው የሚከፈላቸው፣ የለቀሙትን ያህል። ማን የማን ጓደኛ እንደሆነ አስቀድሞ ተጠይቋል። ከእሷ የምትፈጥን ጓደኛ አጠገቧ የተመደበችላት ለቃሚ 10 በመቶ ያህል ፈጥና ሠራች። ከጓደኞቿ ሁሉ የምትፈጥነዋ ግን አጠገባቸው ስትሆን ዝግ አለች፣ ከገቢዋ 10 በመቶ የሚሆነውን እስከመተው ድረስ። ልብ በይ፣ ገንዘቡ የራሷ ነው። ግን ጓደኛዋን ጥላ መሄድ አልሆነላትም።

ስለዚህ ኃላፊሽ አንድ ነገር በትክክል አይቷል፣ ጓደኝነት እጅ ላይ ይደርሳል። የሳተው አቅጣጫውን ነው። ወደ ላይም ይስባል፣ ወደ ታችም ይጎትታል፣ የሚወስነው ማን ከማን ጎን መቀመጧ ነው። ሁሉንም ሲለያያቸው የሚጎትተውን ብቻ ሳይሆን የሚስበውንም አብሮ ቆረጠው።

ሌላም አለ። አሜሪካ ውስጥ የአንድ ሱፐርማርኬት ካሼሮች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ነው። ፈጣን ካሼር ፈረቃ ስትገባ ሌሎቹም ፈጠን ይላሉ። ይሄ ብዙ አይገርምም። የሚገርመው ከመካከላቸው የሚፈጥኑት እነማን እንደሆኑ ነው። ፈጣኗ ከኋላ ሆና የምታያቸው ናቸው የፈጠኑት። እሷን ከፊታቸው የሚያዩዋት፣ እሷ ግን የማታያቸው፣ አልተለወጡም። ሰው የሚሠራው ሌላውን ስላየ ሳይሆን የሥራ ባልደረባው እንደምታየው ሲያውቅ ነው። ይህን ሳነብ ዳዶ ትዝ አለኝ። ዛሬ የአንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ፣ ጎን ለጎን ተሰልፎ መቆፈር። አለቃ የለም፣ ደመወዝ የለም፣ ግን ማንም ወደኋላ መቅረት አይፈልግም፣ ምክንያቱም ነገ ማሳው ላይ የሚቆሙለት እነዚያው ሰዎች ናቸው። እናንተ መጋዘን ውስጥ አሁን ማን ማንን ያያል? ግድግዳው ብቻ ነው የሚያያቸው።

የሰኞው መቅረትም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። እናቴ እያተኮሳትም የምትሄድበት ቀን ነበር። «እነሱ ምን ይሉኛል» ነበር የምትለው፣ «ኃላፊው ምን ይለኛል» ስትል ሰምቼ አላውቅም። የሚጠብቃት ሰው ከሌለ ሰኞ ጠዋት ከአልጋ ምን ያስነሳታል?

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ግን የለም። ሴቶቹ የሚለቅሙት ቡና የት እንደሚሄድ ያውቃሉ? እናቴ 18 ዓመት ስትለቅም የለቀመችውን ቡና ቀምሳው አታውቅም ነበር። ቤት የምንጠጣው ሌላ ነው። አንድ ቀን ቀማሹ ሴቶቹን ጠርቶ ሁለት ስኒ አቀረበላቸው። አንዱ ከተለቀመው ቡና፣ ሌላው ሆን ብሎ ጥቁርና የሻገተ ፍሬ ከጨመረበት። ማታ መጥታ በሩን ሳትዘጋ ነው ማውራት የጀመረችው። «ለካ ያቺ አንዷ ፍሬ ናት!» አለች። ሳምንቱን ሙሉ ለጎረቤት ሁሉ ነገረች። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው «ቡና ለቃሚ ነኝ» ስትል ድምጿ አይወርድም ነበር።

ይህንንም ያጠኑ አሉ። አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስልክ እየደወሉ ለተማሪዎች ስኮላርሺፕ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞች ነበሩ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ቀኑን ሙሉ «አይ፣ አልችልም» መስማት። ከስኮላርሺፑ ተጠቃሚ የሆነ አንድ ተማሪ መጥቶ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አነጋገራቸው፣ ገንዘቡ ሕይወቱን እንዴት እንደለወጠው ነገራቸው። ከአንድ ወር በኋላ እነዚህ ሠራተኞች ስልክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ በ142 በመቶ ጨመረ፣ የሰበሰቡት ገንዘብ ደግሞ በ171 በመቶ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ነው። ደመወዛቸው አልተነካም። የእናንተም መጋዘን እንደዚያ በአንዴ ይመነደጋል እያልኩ አይደለም። ግን ሁለት ስኒ ቡና ምን ያስወጣል?

እንግዲህ ለኃላፊው ክርክር ይዘሽ አትሂጂ፣ ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። አንድ ረድፍ ብቻ ስጠኝ በይው፣ 12 ሴት ለሁለት ሳምንት። በርጩማቸውን አዙሪና ፊት ለፊት አስቀምጫቸው። ጓደኛሞችን መልሺያቸው፣ ግን እንደ ድሮው እንዳመቻቸው አይደለም፣ እያንዳንዷ ከእሷ የምትፈጥን አንዲት ወዳጅ አጠገቧ እንድትሆን አድርገሽ አቀላቅያቸው። ማን ከማን እንደሚስማማ ከኃላፊው ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ማውራት ይፈቀድ። የሌላው ረድፍ እንዳለ ይቆይ። ከዚያ በቀን ስንት ኬሻ እንደተለቀመ፣ ከናሙናው ስንት ጥቁር እንደወጣ፣ ስንቷ እንደቀረች ጻፊ። የናሙናውን ውጤት ደግሞ ለሴቶቹም ንገሪያቸው፣ በየቀኑ፣ ሲጥሩም ሲያጎድሉም። እስካሁን ውጤቱን የሚያየው ቢሮ ያለው ሰው ብቻ ነው፣ ይሄ ለእኔ ትክክል አይደለም።

ስልኩ በር ላይ መሰብሰቡን ግን እኔም እደግፋለሁ። ስልክ ዓይንን ከሰፌዱ ላይ ያነሳል። ወሬ አያነሳም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ ከየቀበሌው የሚመጣውን የቡና ችግኝ ቁጥርና የበሽታ መረጃ ሰብስቤ በየሳምንቱ ሪፖርት መላክ ነው። 4 ዓመት ሆነኝ። እስከ ዛሬ «ይህ ቁጥር ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ባለፈው ወር ያለፈውን ሳምንት ሪፖርት ቀኑን ብቻ ቀይሬ ላክሁት። ማንም አላወቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ቢሮ መግባት አስጠላኝ። የደመወዝ ጉዳይ አይደለም። ሰነፍ ሆኜ ይሆን?
ከመንቲና ሰፈር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰነፍ ብትሆን ኖሮ ያለፈውን ቀድተህ መላክህ ደስ ባሰኘህ ነበር። አንተን ግን ከነከነህ።

ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ አንድ ሙከራ ልንገርህ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ነው። ተማሪዎች ፊደል የሞላበት ወረቀት ይሰጣቸዋል፣ ጎን ለጎን የተደገመ ፊደል እየፈለጉ ምልክት ያደርጋሉ። ለአንድ ወረቀት ሳንቲም ይከፈላቸዋል፣ ክፍያው ከወረቀት ወረቀት እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሲበቃቸው ያቆማሉ። ለአንደኛው ቡድን ተቀባዩ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየት አድርጎ፣ «እሺ» ብሎ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። የሁለተኛውን ሳያየው ክምር ላይ ይጥለዋል። የሦስተኛውን ተማሪው ዓይን ፊት በማሽን ይቆራርጠዋል። የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 9 ወረቀት ሠሩ። ወረቀታቸው የተቆራረጠባቸው 6.3 ብቻ። ሳይታይ የተከመረባቸውስ? 6.8። ተመልከት፣ ሳይታይ መከመር ከመቆራረጥ እምብዛም አይሻልም። ደግሞ ማንም ስለማያየው እንደፈለጉ አጭበርብረው ብዙ ወረቀት ማስከፈል ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ቶሎ ተዉት። አንተ 4 ዓመት የቆየኸው ክምር ላይ እየተጣለ ነው፣ መሰልቸትህ ጤነኛ መሆንህን ነው የሚያሳየው።

አሁን መልኮ ያለውን የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አስብ። እ.ኤ.አ. በ1971 አረንጓዴ የቡና ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፍ በሽታ አገራችን ውስጥ ተገኘ። ቡናው ሊጠፋ ነው ተብሎ ተፈራ። ያኔ ሰዎች በጫካው ውስጥ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየሄዱ የትኛው እንደታመመ፣ የትኛው በበሽታው መሀል ቆሞ ጤነኛ እንደሆነ መዘገቡ። ዛሬ ገበሬው 74110 ወይም 74112 ብሎ በቁጥር የሚጠራው ችግኝ ከዚያ የመጣ ነው፣ 74 የተመረጠበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ነው የሚያመለክተው። አንድ ሰው ያን ቀን «ማን ያየዋል» ብሎ የትናንቱን ቁጥር ቢቀዳ ኖሮ ያቺ ዛፍ ታልፋ ነበር። የአንተ ሪፖርት ውስጥም የበሽታ መረጃ አለ ብለሃል። ስለዚህ ያችን የቀዳሃትን ሪፖርት ዛሬውኑ አስተካክለህ እንደገና ላካት። ይሄን በቀጥታ ነው የምነግርህ።

ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ማየትህን ለጊዜው ተወውና ወደ ታች እይ። ቁጥሩን ከየቀበሌው የሚልክልህ የልማት ሠራተኛ አለ አይደል? በጭቃ ሄዶ ችግኝ የቆጠረ ሰው። እሱስ «ይህ ቁጥር ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው አለ? የእሱ ወረቀት የሚከመረው አንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ቀን ደውልለት፣ «ባለፈው ሳምንት 300 ችግኝ ደረቀ ያልከው ለምንድን ነው?» በለው። አንድ ጥያቄ ብቻ። ምን ያህል እንደሚያወራህ ታያለህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚልክልህም ቁጥር የተሻለ ይሆናል። እሱ የነገረህን በሁለት መስመር ሪፖርትህ አናት ላይ አስቀምጠው፣ ከሠንጠረዡ በፊት፣ «የዚህ ሳምንት አሳሳቢ ነገር ይሄ ነው» ብለህ። ሁለት ገጽ ሠንጠረዥ የማያነብ አለቃ ሁለት መስመር ያነባል። ሦስት ወር ሞክረህም ምላሽ ካጣህ አለቃህን ፊት ለፊት ጠይቀው፣ ይህን ሪፖርት ማን ይጠቀምበታል? ማንም ካልሆነ በወር አንድ ጊዜ ይሁንና ቀሪውን ቀን መስክ ልውጣ በለው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኛ 4 ጓደኛሞች ነን። ከዋንዛ እየጠረብን የጅማ በርጩማ እንሠራለን፣ ገቢውን እኩል እንካፈላለን። ሁለታችን እንጠርባለን፣ አንዱ እግሮቹን ያወጣል፣ አራተኛው በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ይሄ አራተኛው እየቀዘቀዘ መጣ። አርፍዶ ይመጣል፣ ስልኩን ይነካካል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ብለን ነበር የጀመርነው፣ አሁን የእሱን ሎሚ ሦስታችን ተሸከምነው። እንዳንናገረው ይቀየመናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ነበር። ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ ጉልበታቸውን ለካ፣ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1913 አሳተመ። 8 ሰው አንድ ላይ ሲጎትት እያንዳንዱ ብቻውን ከሚጎትተው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው ያወጣው። ከፊሉ እኩል መሳብ ስለሚያስቸግር ነው፣ ከፊሉ ግን የማን ጉልበት የት እንደገባ ስለማይታይ ነው። የሃምሳው ሎሚ ተረት እውነት የሚሆነው እያንዳንዱ የራሱን ሎሚ በእጁ ሲይዝ ነው፣ ማን ምን እንደያዘ ሲታይ። የእናንተ በርጩማ ግን እንደ ገመዱ ሆኗል፣ የአራት ሰው እጅ አልፎበት የማንም አይደለም።

ደብዳቤህን ሳነብ አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። እናንተ ትጠርባላችሁ፣ ቅርጹ ከእጃችሁ ሲወጣ ታያላችሁ። እሱ የሚያገኘው ያለቀውን ነው። ቀኑን ሙሉ አቧራ እየዋጠ የሌላ ሰው ሥራ ያለሰልሳል። እሱ ራሱ አንድ በርጩማ ከግንዱ ጀምሮ ሠርቶ ያውቃል? አልነገርከኝም፣ እኔ ግን አይመስለኝም።

እንዳይቀየም ብላችሁ ዝም አትበሉ፣ ግን ሦስት ሆናችሁም አትክበቡት። አንተ ብቻህን፣ ቡና እየጠጣችሁ ጠይቀው፣ ቤት ምን ገጠመህ ብለህ ጀምር። የማለስለሱን ሥራ በየሳምንቱ በተራ አድርጉት። ገቢውን እኩል ተካፈሉ፣ እሱን አትንኩት፣ ግን ሁሉም የሠራው በርጩማ ከመቀመጫው ሥር በመሮ ምልክት ያድርግበት። ለእሱ ደግሞ ነገ ጠዋት አንድ ሙሉ ግንድ ስጡትና ከመጥረቢያው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ለብቻው ይሥራው።